የዘገየችው ሚስት

ሰሀር በመጀመሪያው የትምህርት ቀኗ አርፍዳ ደረሰች። ለንደን ውስጥ ካምደን በሚባል ሰፈር ሆቴል አንሶላ ስታጥብ ውላ፣ ሁለት አውቶብስ ቀያይራ ሃክኒ ስትደርስ ክፍሉ ተጀምሯል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከሰዓት በኋላው ገና ሳይጋመስ ሰማዩ ጠቁሯል። ትምህርቱ የሚሰጥበት አሮጌ ቤት ደረጃው ሲረግጡት ሰው የሚያቃስት ይመስላል። በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና መጀመሪያ ያየችው ባዶ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ወንበሩ ከሌሎቹ ተለይቶ በሩ ሥር የተቀመጠ ነው። መደገፊያው ላይ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ተንጠልጥሏል። ጀርባዋ ካፖርቱን ሲነካ ሰውነቷ ሽምቅቅ አለ፤ ጨርቁ በረዶ ነበር። ቀና ስትል መምህሩ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ያያታል። ጠይም፣ ረዘም ያለ፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው። ዓይኖቹ ያሳዝናሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ልቧ የሸፈተው እዚያው ነው።

«ፕሊዝ...» አላት በቀስታ። «ዛት ኢዝ ማይ ሌት ዋይፍስ ቼር።»

ክፍሉ ዐረብኛ ተናጋሪ የሆኑ ጀማሪዎች እንግሊዝኛ የሚማሩበት ነው። ሰሀር ወላጆቿ ከወሎ ይሁኑ እንጂ ተወልዳ ያደገችው ጅዳ ነው። ዐረብኛውን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከእናቷ አገኘች፤ እንግሊዝኛውን ግን ገና መልቀሟ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ቅጽል ነበር፦ በዐረብኛ ቅጽሉ ከስሙ ኋላ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ግን ከፊት ይቀመጣል። «ዋይፍ» ሚስት፣ «ቼር» ወንበር መሆኑን ታውቃለች፤ «ሌት» ማለት የዘገየ ማለት መሆኑን ደግሞ የሆቴሉ አለቃዋ ያን ዕለት ጠዋት ሰዓቷን እየጠቆመች በደንብ አስተምራታለች። ስለዚህ «ሌት ዋይፍ» የዘገየች ሚስት ነው። ምን ይከብዳል! ሚስቱ እንደ እሷው ዘግይታለች፤ አሁን ትመጣለች፤ ቦታዋን ልቀቂላት ነው የሚለኝ ብላ ተነሣች።

ሚስት አለው ማለት ነው... አለች በልቧ። ነገሩ ደስ አላላትም።

ሚስቱ ያን ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም።

«ሁሌ ነው የምትዘገየው?» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠውን ሱዳናዊት ሪሐብን፣ በዐረብኛ አንሾካሹካ።

«ሁሌ ነው» አለች ሪሐብ። «እስከ ዛሬ ፊቷን ያየ የለም። ግን በሩን አዳምጪው።»

በሩ በየትምህርቱ መሐል ቀስ ብሎ ይከፈታል። የሚገባ ሰው የለም። ብርድ ብቻ ይገባና የቢጫው ካፖርት እጅጌ ይወዛወዛል። መምህሩ አልአሚን ያን ጊዜ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አቋርጦ ወደ በሩ ያያል። ሁሉም አብረውት ያያሉ። ከዚያ «ባቡሩ ነው፤ ከጀርባ ሲያልፍ ቤቱን ይነቀንቀዋል» ይልና በሩን ይዘጋል። ሴቶቹ ከሚያመጡት ተምር ለዘገየችው ሚስት ቆንጥረው ወንበሩ ላይ ያኖሩላታል። ትምህርት ሲያልቅ ተምሩ የለም። ማን እንደሚወስደው ማንም አይጠይቅም።

አንድ ቀን አውቶብስ ፌርማታ ላይ እናቷን በስልክ ስታናግር አልአሚን ከኋላዋ ሰማት።

«አማርኛ ትችያለሽ እንዴ?!» አለ በአማርኛ። እሱ የደሴ ልጅ ነው፤ ካርቱም ተምሮ ነው ለንደን የመጣው።

«ኡስታዝ፣ እርስዎም?»

«በአላህ፣ እርስዎ አትበይኝ። ይህቺን ሽበት አይተሽ ነው?»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ከክፍል ሲወጡ እስከ ፌርማታው አብረው መሄድ ለመዱ። እሱ በመንገድ ያዩትን ሁሉ ቅጽል እንድትሰጠው ይጠይቃታል፤ እሷ ሆን ብላ ትሳሳታለች፣ ሲያርማት ድምፁን ለመስማት። ቤቷ ስትገባ ግን ራሷን ትረግማለች። አባቷ ጅዳ ላይ ሁለተኛ ሚስት ያገባ ጊዜ እናቷ በር ዘግታ ስታለቅስ ሰምታለች። ያን ለቅሶ በሌላ ሴት ላይ ላላደርስ ብላ የማለች ልጅ ናት። አሁን የዚያች ባለ ቢጫ ካፖርት ሴት ባል ሲስቅላት ልቧ ይቀልጣል።

አንድ ሐሙስ ሁሉም ወጥተው ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ሰሀር... ቤተሰቦችሽን ማናገር እፈልጋለሁ» አላት። «በኒካሕ ነው የምፈልግሽ።»

ደስ አላት፤ ተናደደችም።

«ሚስትህስ?»

ፊቱ ተለወጠ። «ሱልጣናን ነው የምትይኝ? ነግሬያታለሁ።»

«ነግረሃታል?! ምን አለች?»

«ምን ትላለች... ዝም ነው። አርብ አርብ እሷ ጋ እየሄድኩ ሁሉን አወራታለሁ። ስላንቺም አውርቻታለሁ።»

ያን ጊዜ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሁለቱም ዞሩ። ያን ቀን የባቡር ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ፤ አንድም ባቡር አላለፈም። ሰሀር አንገቷ ሥር ያለው ጠጉር ሲቆም ተሰማት።

«ፊት ለፊት ላናግራት እፈልጋለሁ» አለች ድምፅዋን አጠንክራ። እቅዷ ግልጽ ነው፦ ሴትዮዋን አይታ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ልትወጣ።

የአልአሚን ዓይን እንባ አቀረረ። «እውነትሽን ነው? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገ እንሂድ።»

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ በአውቶብስ ወደ ምሥራቅ ሄዱ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ መብራቶቹ እንኳ የታመሙ ይመስላሉ። ሰሀር ለሴትዮዋ የገዛችውን የባቅላዋ ጣፋጭ ካርቶን ታቅፋ የምትናገረውን በልቧ ትደግማለች፦ እህቴ፣ ቤትሽን አላፈርስም... አውቶብሱ ከአንድ ትልቅ የብረት በር ፊት አወረዳቸው። አልአሚን ቀድሟት ገባ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ያለችው?»

«አዎ፣ ጥግ በኩል ነች። ዛፍ ትወዳለች።»

መንገዱ ጭር ያለ ነው። ውሻ የለ፣ ልጅ የለ፣ የመስኮት መብራት የለ። ጫማቸው እርጥብ ቅጠል ይረግጣል። በግራና በቀኝ ከጉሙ ውስጥ አጫጭር ነገሮች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ሰሀር ሰዎች የተቀመጡ መሰሏት። ቀረብ ስትል ድንጋይ ናቸው። ድንጋዮቹ ላይ ስም አለ።

አልአሚን ከአንዱ ፊት ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኪ ሱልጣና። ሰሀር መጥታለች።»

የባቅላዋው ካርቶን ከእጇ ወደቀ።

«ይሄ... ይሄ መቃብር ነው።»

«አዎ።»

«ሚስትህ ሞታለች?!»

ዞሮ አያት። «ሰሀር! በመጀመሪያው ቀን ነገርኩሽ እኮ። ማይ ሌት ዋይፍ አልኩሽ።»

«ዘግይታለች ነዋ ያልከኝ!»

አልአሚን እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ደነገጠ ሰው ነገራት፦ ሚስቴ ዘገየች ሲባል «ሌት» ከኋላ ይመጣል፤ «ሌት»ን ከሚስት ፊት ካስቀመጡት ግን ሟች ማለት ነው።

«ክፍሉ በሙሉ እየጠበቃት ነው እኮ!» አለች ሰሀር። «ተምሩን የምናኖርላት ስትመጣ እንድትቀምስ ነው!»

«እኔ ደግሞ... ለነፍሷ መሰለኝ። በስሟ ሰደቃ እያልኩ ለችግረኛ ስሰጠው ነበር።»

ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ሰሀርም ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ በማታውቃት ሴት ስትቀና በመክረሟ አፈረች፣ አዘነችላትም።

«አልአሚን» አለች ፊቷን ገልጣ። «ዛሬ የመጣሁት ልተውህ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። እኛስ እንግሊዝኛ ስለማንችል ነው የጠበቅናት። አንተ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ማንን ነው የምታየው?»

ወደ መቃብሩ ዞረ።

«እሷን ነው» አለ። «ቃሉን አስተምራለሁ እንጂ እኔም እንደ እናንተው ነበር የተረጎምኩት። የዘገየች መስሎኝ...»

ከዚያ ተንበርክኮ እርጥቡን ድንጋይ ዳሰሰ። «ሱልጣና፣ ዱዓ አላቋርጥብሽም። ከእንግዲህ ግን አልጠብቅሽም። ይቅር በይኝ።»

ነፋስ አልነበረም። ቢሆንም ከኋላቸው ያ ትልቁ የብረት በር ሲጢጥ እያለ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰሙ። ሁለቱም አልዞሩም። በሩን ማን እንደዘጋው ዛሬም አያውቁም፣ እኔም አልፈርድም። ሰሀር ብቻ፣ ካፖርቱን ከነካች ወዲህ ጀርባዋ ላይ የከረመው ብርድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደለቀቃት ትምላለች።

ሲመለሱ የአውቶብሱ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«መልስሽን አልነገርሽኝም» አላት።

ሰሀር መልሱን በእሱ ቋንቋ፣ በሚያስተምረው ቋንቋ ልትነግረው ፈለገች። በዚያ ሳምንት የተማሩት ተውሳከ ግስ ነው፤ ቅጽሉ ጭራ ላይ «ሊ» መቀጠል ብቻ ነው ተብለዋል። «ሃርድ» ብርቱ ማለት ነው። በብርቱ እወድሃለሁ ለማለት ቃላቱን አንድ በአንድ ደረደረች፣ ዓይኑን እያየች፣ ጉንጯ እየቀላ።

«አይ ላቭ ዩ... ሃርድሊ!»

ለካ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ከዳተኛ ነው። ያለችው «ብዙም አልወድህም» ሆኖ አረፈው። አልአሚን፣ ያ በሕልሙ እንኳ ሰው የሚያርም አስተማሪ፣ ሊናገር አፉን ከፈተ። የሚያበራ ፊቷን አየ። አፉን ዘጋ።

«ኮሬክት» አላት።

ኒካሓቸው ረመዳን ሳይገባ ታሰረ። ሰሀር የ«ሃርድሊ»ን ትርጉም ያወቀችው ከዚያ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ኩሽና ውስጥ ሬዲዮ ስትሰማ ነው። ደንግጣ እየሮጠች መጣች።

«ያን ቀን ምን ብዬህ ነበር! ለምን አላረምከኝም?»

«ምኑን ላርመው?» አለ አልአሚን። «ፊትሽን እያየሁ እኮ ነው የሰማሁሽ።»