«ወጥቷል» በተባለ ማግሥት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በዘጠና ስድስቱ ነሐሴ ወረታ የሰማችው ጉድ ግን ባይሰማ የሚሻል ነበር። ኮምፒውተር ሠሪው ሲሳይ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በአያ መንግሥቴ የሩዝ ማሳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ውሃው ከጉልበት አይደርስም። ከተማው ግን ሬሳው ሳይነሳ ፈርዶ ጨርሷል፤ «ራሱን ነው ያጠፋው!» ይላል።

እንዲህ ነው የኛ ሰው! ትናንት «የወረታ ኩራት» ብሎ ያቀፈውን ልጅ ዛሬ ስሙን ሲያነሳ ምራቁን ይተፋል። መፍረድ ግብር የለበትምና ሁሉም ዳኛ ነው።

የወረዳው ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር ውባንቺ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ሰብስባ ወደ ማሳው ገባች። የፎገራ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጭቃ አያስፈራትም። ቁጣዋን አለቆቿ ሳይቀሩ ይፈሩታል። ከሬሳው አጠገብ በርከክ ብላ የቀኝ እጁን ጭብጥ ፈልቅቃ አየች። ከነሥሩ የተነቀለ የሩዝ ቡቃያ ነበረበት። ጥርሱ መሐል ጥቁር የዋልካ ጭቃ ተጠቅጥቋል። የአንገት ልብሱን ገለጥ ስታደርግ ማጅራቱ በልዟል።

«ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ማሳው ዳር፣ እድምቡ ላይ የሲሳይ እናት እትዬ ገላነሽ የንስሐ አባታቸውን የቄስ አለኸኝን ቀሚስ ይዘው ይለምናሉ።

«አባ፣ ልጄን የት ልቅበረው?»

«ገላነሽ፣ ምን ላድርግ? ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይገባም። ሥርዓቱ ነው።»

«ምን በወጣው! ልጄ እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ሊጣል?»

ውባንቺ ከነጭቃዋ መጣች። «አባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡኝ።»

«ልጄ፣ ከተማው ሁሉ እኮ…»

«ከተማውን ይተዉት! ከተማው መቼ ነው ሰበካ ጉባኤ የሆነው?»

ቄሱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ገላነሽ የመርማሪዋን እጅ ጨብጠው አልለቅም አሉ።

ሲሳይ ማን እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ሌላው እዚያው ሲቀር እሱ ወረታ ተመለሰ። አገሩ በየሰዓቱ መብራት የሚጠፋበት፣ በበጋ አቧራ በክረምት እርጥበት የሚፈጀው አገር ነው። ለዚሁ አገር የሚሆን ሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮችን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ዋና ማሽን፣ በገዛ እጁ ገጣጥሞ ሠራ። ስሙንም ጣና ዳር በሚበቅለው ተክል «ደንገል» አለው። «የመረብ ዓለም» የተባለ የአዲስ አበባ መጽሔት የኢንተርኔት ሰርቨሮችን አወዳድሬ አወጣለሁ ሲል፣ ሲሳይ ማሽኑን በሸሪኩ በእሱባለው እጅ ላከ። መጽሔቱ ካሞገሰው የፎገራ ልጅ ሥራ በአገሩ ሁሉ ይገባል፤ ካልሆነም ተስፋው ሁሉ ገደል ይገባል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ውባንቺ መጀመሪያ ወደ እሱባለው ሄደች። ከአዲስ አበባ መጥቶ አስፋልቱ ዳር የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ነጭ ካልሲ በሰንደል አድርጎ፣ መሐረቡን ዓይኑ ላይ ጭኖ ያለቅሳል።

«ለምን ራሱን ያጠፋል?» አለችው ሳትቀመጥ።

«ማሽኑ ነዋ! ከንጽጽሩ አውጥተው ጣሉት። የሌላው ሁሉ ሲኖር የሱ ብቻ ሲጠፋ ቅስሙ ተሰበረ።»

«መጽሔቱን አይተኸዋል?»

«የት አግኝቼ! ወረታ ገና አልደረሰም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ከተማው የሰማው ነው እንጂ። ትናንት ከሰዓት ከአዲስ አበባ ተደውሎ፣ የቴሌዋ ይታይሽ ‹ማሽንህ ወጥቷል› ስትለው አጠገቡ ነበርኩ።»

«ማምሻውን የት ነበርክ?»

«ከሱቄ ወደ ቤቴ። እኔ የአስፋልት ልጅ ነኝ፤ በክረምት ያንን ጭቃ ረግጬው አላውቅም።»

ይህን እያለ ቁርጭምጭሚቱን በሌላው እግሩ ያካል። ነጩ ካልሲ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

«ምን ነካህ?»

«ቁንጫ ነው! የወረታ ቁንጫ መቼም…»

ውባንቺ ካልሲውን አየት አድርጋ ወጣች። ከሱቁ በራፍ የተኮለኮለው ወሬኛ «እንዴት ነው ነገሩ?» ብሎ ሲከባት «ሥራ የላችሁም?» ብላ በተነችው።

አያ መንግሥቴ ከማሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ከሲሳይ ቤተሰብ ጋር በመስኖ ውሃ እንደተጣሉ አገር ያውቃል።

«አያ መንግሥቴ፣ ሬሳው የተገኘው በእርስዎ ማሳ ነው። ጠብም ነበራችሁ።»

«ነበረን! ምን እደብቃለሁ? ቦዩን ወደ እናቱ ማሳ አዞረብኝና ሰደብኩት፤ ሰደበኝ። ገድየው ቢሆን ግን በገዛ ማሳዬ ጥዬ ፖሊስ እጠራለሁ? የርብ ወንዝ እዚያ ሞልቶ እየፈሰሰ!»

«ራሱን አጥፍቶ ቢሆንስ?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ሂጂ ወዲያ! ከኔ ጋራ ሲጨቃጨቅ ውሎ የማይደክመው ልጅ ኑሮ ደከመኝ ይላል?»

ከጧት ጀምሮ ውባንቺ የሰማችው የመጀመሪያው የሰው ቃል ይህ ነበር። ከሟቹ ጠላት አፍ መውጣቱ አናደዳት።

ቴሌ ስትደርስ ይታይሽ ዓይኗ አብጦ ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጣለች።

«የተባልሽውን እንዳለ ንገሪኝ።»

«መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ‹የሲሳይ ማሽን… መጽሔታችን… ወጥቷል፤ ይደውልልኝ› አለኝ አንድ ሰው። የሰማሁት ይኸው ነው።»

«ሲሳይ ምን አለ?»

«‹ታተመልኝ!› ብሎ አቅፎ ሳመኝ። እዚህ የነበረው ሰው ሁሉ እልል አለ። እናቴን ላበሥራት ብሎ ሊበር ደረሰ።»

«መልሶ አልደወለም?»

«ሞክረን ነበር፤ ዝናቡ መስመሩን ጣለው። ጧት መጥተህ ትደውላለህ አልኩት።»

«‹ወጥቷል› ማለት ተወገደ ማለት ነው ያለ ሰው ትናንት ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ወሬው የተገለበጠው ዛሬ ጧት ነው። እኔም ከእሱባለው ሱቅ በራፍ ሰማሁት። እኔ ነኝ እንዴ በመልእክቴ የገደልኩት?» ብላ አለቀሰች።

«አንቺ የሰማሽውን ነው የነገርሽው። ጥፋቱ ሌላ ጆሮ ውስጥ ነው ያለው» አለቻት ውባንቺ።

እኩለ ቀን ላይ ከባሕር ዳር የመጣ አውቶቡስ አንድ ሰው አወረደ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ምኞት ነው። ጥቅል መጽሔት ታቅፎ «የሲሳይ ቤት የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕዝቡ እየገፋ እናቱ ፊት አቆመው። እትዬ ገላነሽ ኮሌታውን አነቁት።

«አንተ ነህ! ልጄን በወረቀት የገደልክ! እግዜር ይድፋህ!»

ሰውየው መርዶውን የሰማው ያኔ ነው፤ መጽሔቱ ከእጁ ተበተነ። አንዱ አንሥቶ ገለጠና «ይኸው! የሁሉም አለ፤ ደንገል ብቻ የለም!» ብሎ ጮኸ። «አላልናችሁም?» አለ ሌላው። ደስ ያለው ይመስል ነበር፤ እንዲህ ያለውን ምላስ ነበር አልቅት የሚይዘው! ውባንቺ ምኞትን ነጥቃ ጣቢያ አስገብታ ለብቻው አነጋገረችው። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተሰበሰበ። ቃሬዛው ከቅጥሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቄስ አለኸኝ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እሱባለው ከፊት ሆኖ ከማንም በላይ ያለቅሳል።

«አባ፣ መጀመሪያ ስለ አሟሟቱ» አለች ውባንቺ። «ሲሳይ ራሱን ሊያጠፋ ቢፈልግ ርብ ሞልቶ ይፈሳል። የተገኘው ግን ከጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። ማጅራቱ በልዟል። አፉ ዋልካ ጎርሷል። በእጁ ከነሥሩ የነቀለው ቡቃያ አለ። ሞትን የፈለገ ሰው መሬት እየቧጠጠ አይታገልም። አንቆ ጭቃው ላይ የደፈቀው ሰው አለ።»

ከሕዝቡ መሐል ጉርምርምታ ተነሣ።

«ዝም በሉ! ከጧት ጀምሮ ስታወሩ ውላችኋል፤ አሁን የኔ ተራ ነው። ትናንት ‹የሲሳይ ማሽን ወጥቷል› ሲባል ምን መሰላችሁ?»

«ታተመ!» አሉ ብዙዎች።

«እናንተም፣ ይታይሽም፣ ራሱ ሲሳይም ታተመ ብላችሁ ነው የሰማችሁት። መጽሔቱ ወረታ የደረሰው ዛሬ ከሲሳይ ሞት በኋላ ነው። መስመሩም ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ሲሳይ የሞተው ማሽኔ ታትሟል ብሎ ደስ እንዳለው ነው። ታዲያ ምኑ አሳዝኖት ራሱን ያጠፋል?»

ቄሱ ቀና አሉ።

«ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ‹ወጥቷል›ን ‹ተወገደ› ብሎ የሰማ አንድ ጆሮ ብቻ ነበር። ዛሬ ጧት መጽሔቱ ሳይመጣ ‹የሌላው ሁሉ ሲኖር የሱ ብቻ ጠፋ› አለኝ። እሱባለው፣ ለአንተ ብቻ ማን ተረጎመልህ?»

እሱባለው መሐረቡን አወረደ። «ገመትኩ! ቃሉ ሁለቱንም ይላል!»

«ይላል። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። ምኞት፣ የነገርከኝን ንገራቸው።»

ምኞት ወደ ፊት ወጥቶ ተናገረ። «ማሽኖቹን ሁሉ ፈትነናል። መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ ሲዘጉ ደንገል ሥራውን ቀጠለ። አንደኛ ነበር። ማተሚያ ቤት ልንገባ ስንል እሱባለው መጥቶ ‹ሲሳይ ሐሳቡን ቀይሯል፤ ከንጽጽሩ አውጡልን› አለና ማሽኑን ወሰደ። የባለቤቱ ፈቃድ መስሎኝ አወጣሁት። መጽሔቱ ከታተመ በኋላ አንድ አስመጪ ያንኑ ማሽን ‹የእሱባለው ፈጠራ› ብሎ በሌላ ስም ሊያስተዋውቅ መጣ። ያኔ ደንግጬ ደወልኩ። ያልኩት ‹የሲሳይ ማሽን ከመጽሔታችን ወጥቷል› ነበር። መልስ ሳጣ በዛሬ ጧት አውሮፕላን ባሕር ዳር ወርጄ ራሴ መጣሁ።»

«ሰማችሁ?» አለች ውባንቺ። «መስመሩ አንዲት ‹ከ› ቢበላ፣ ይኸ ሰው የበላው ሰው ነው። ጧት ሲሳይ ሊደውል ነው፤ ከደወለ ሌብነቱ ይገለጣል።»

«ውሸት ነው! ከሱቄ አልወጣሁም!»

«ሱሪህን ሰብስብ።»

«ምን?»

«ሰብስብ አልኩህ!»

አልሰበሰበም። ውባንቺ ጎንበስ ብላ ካልሲውን ወደ ታች ሳበችው። ባቱና ቁርጭምጭሚቱ አልቅት የመጠጣቸው ቁስሎች ነበሩበት፤ አሁንም ደም ያዣሉ። ፎገራ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

«የአስፋልት ልጅ! ይኸ አልቅት አስፋልት ላይ ነው የያዘህ?»

«ጧት ሊደውል ነበር…» አለ እሱባለው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ። «‹እናቴን አብረን እናብሥራት› አለኝ። ‹ያንተ ውለታ ነው› እያለ በማሳው መሐል መንገዱን ሙሉ ሲያመሰግነኝ…»

«ዝጋ!» አለች ውባንቺ። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ሰው ለመምታት ፈልጋ አታውቅም። ፖሊሶቹ ሳትመታው በፊት ይዘውት ሄዱ።

ቄስ አለኸኝ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። «ይግባ። ፍትሐቱ ይጀመር።»

ያኔ ወንዶቹ ሁሉ ወደ ቃሬዛው ተሽቀዳደሙ።

«እጃችሁን አንሡ!» አሉ እትዬ ገላነሽ። አያለቅሱም። «ከጧት ጀምሮ ልጄን በምላሳችሁ ስትገድሉት ውላችኋል። እሱስ አንድ ጊዜ ነው የገደለው። ‹ራሱን አጠፋ› ያላለ ብቻ ይሸከመው።»

የተሽቀዳደመው ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዱ አንዱን አየ። ከዚያ አያ መንግሥቴ ጋቢያቸውን አደግድገው ወጡ።

«እኔ አላልኩም፣ ገላነሽ። ሰድቤዋለሁ ግን።»

«ስድብህንስ አውቀዋለሁ። ና፣ ያዝ።»

ምኞት ሁለተኛውን ጫፍ ያዘ። ሦስተኛውን ውባንቺ ያዘች። ቄስ አለኸኝ መስቀላቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ወደ አራተኛው ጠጋ ሲሉ፣ እትዬ ገላነሽ ትክ ብለው አዩአቸው።

«እርስዎም ብለዋል፣ አባ።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ተመለሱ። እትዬ ገላነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው አራተኛውን ጫፍ ራሳቸው አነሡ። ሴት ሬሳ አትሸከምም ለማለት የደፈረ አልነበረም። አራቱ ሲሳይን ይዘው ወደ ቅጥሩ ሲገቡ ከተማው መንገድ ለቆ ቆመ።