በዝርዝሩ ላይ የገባው መድኃኒት

በ፲፱፻፲፬ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሲጠባ፣ የአምስት መንግሥታት ልዑካን ወንዙን ቁልቁል በሚያይ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ስድስተኛው መንግሥት የድንበሩን ውል አልፈርምም ስላለ፣ ጦር ሳያዘምቱ በንግድ እገዳ ሊያስፈርሙት ተስማምተው ነበር።

የጉባኤው ዋና ጸሐፊ በእጅ ጽሕፈቱ ውበት የታወቀ ቁጥብ ሰው ነበር፤ ታላቅ እኅቱ ማዶ ተድራ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዳለች። የጨርቁ፣ የላምባውና የብረቱ እገዳ ተጽፎ ካበቃ በኋላ ከልዑካኑ አንዱ የሆኑት የንግድ ሚኒስትር ወደ እርሱ ዞረው፣ ማዶኞቹ ከእኛ ካልሆነ ከየትም የማያገኙት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁት። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሐሳቡን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ደስ አለው። እኅቱ በቅርቡ በደብዳቤ የለመነችው ነገር ትዝ አለውና፣

«ኪኒን ነው፣ ክቡርነትዎ፤ የወባው መድኃኒት» አለ።

«እንግዲያው ጻፈው።»

ጻፈው።

ማዶ ቆላ ነው፤ ወራቱም የወባ ወራት ነበር። በአርባ ሦስተኛው ቀን ማዶኞቹ ፈረሙ፤ ድልድዩ ተከፈተ፤ ጸሐፊውም ሁለት ብልቃጥ ኪኒን ይዞ ተሻገረ። እኅቱ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ አላቀፈችውም። ታናሺቱ ልጅ ከተቀበረች ዘጠኝ ቀን እንደሆናት ነገረችው። እርሱም የወሰኑት ትልልቆቹ እንደሆኑ፣ የእርሱ ሥራ መጻፍ ብቻ እንደሆነ ያስረዳት ጀመር፤ እስኪጨርስ ታገሠችው።

«ዝርዝሩን ድልድዩ በር ላይ ለጥፈውት ነበር» አለችው። «ጽሕፈትህን ከሩቅ ለየሁት። ደስ አለኝ፤ ወንድሜ እዚያ ካለ ኪኒኑን አያስነካብንም ብዬ። ከዚያ ቀርቤ አነበብኩት።»

ቃሉ ከራሷ ደብዳቤ መውጣቱን ግን አልነገራትም፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልነገራት።

ከዚያ ወዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ጽሕፈት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ብርድ ብርድ የሚላት ሕፃን ጥርሷን ስታንቀጫቅጭ ይሰማው ጀመር። ብዕሩን አስቀምጦ «ይሰማችኋል?» ይላል፤ ባልደረቦቹም ነፋስ መስሏቸው መስኮቱን ይዘጉለታል።

የታሪክ ሰዎች ያንን ውል ያለ አንዲት ጥይት የተገኘ ድል ሲሉ መዘገቡት፤ እውነትም ጥይት አልተተኮሰም። አምስቱም መንግሥታት ቅጂውን በክብር አስቀምጠዋል። በዚያ ጥቅምትና ኅዳር ማዶ በወባ የሞቱት ግን፣ በየዓመቱ በወባ ከሚሞቱት ጋር አብረው ተቆጠሩ።