የመዘውሩ ቀስት

«ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ! ዛሬ ልክ በእኩለ ቀን፣ የቅርስ መዝጋቢው በተገኙበት፣ የማሽኑ ማስነሻ ይጫናል።»

ማስታወቂያው ማኅተም ተመቶበት በአሮጌው የፈትል ፋብሪካ በር ላይ ተለጥፏል። መርማሪዋ አንብባው ገባች። ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ፋብሪካው ቅርስ ሆኖ ይመዘገባል፤ ካልሠራ ነገ ይፈርሳል፣ ዙሪያውን የተጠጋው ሰፈርም አብሮ።

ማሽኑን አርባ ዓመት የጠገኑት ጋሽ ካቻቢቴ ከሥሩ ሞተው ተዘርግተዋል። ራሳቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ ሻርፓቸው በትልቁ መዘውር ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል።

«ማሽኑ ሳበው!» አሉ ፋብሪካው እንዳይፈርስ የሚሟገተው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። «ዘጠኝ አቤቱታ ጽፌያለሁ። ይሠራል ብያለሁ፤ ይኸው ሠራ!»

«ሲዞር አይተውት ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ፈታይ ነኝ? ከበር አልፌ አላውቅም ነበር።»

«ጎህ ሲቀድ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ብርጭቆዎቼ ተንጫጩ» አሉ ሠላሳ ዓመት እዚሁ የፈተሉት እትዬ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ።

የአፍራሹ ድርጅት መሐንዲስ ከማለዳ ጀምሮ ግቢውን ሲለካ ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ሽማግሌውን ግን አልነካሁም።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። በመዘውሩና በማሽኑ እግር መካከል ተርብ የጭቃ ቤት ሠርቷል፤ ጭቃው ደርቋል፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ስለሱ ትንፍሽ አላለችም። በመዘውሩ ጠርዝ ላይ የተጋገረውን ቅባት በጣቷ ጠረገችው፤ ከሥሩ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቀስት ብቅ አለ።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበች።

«ሻርፑ በእጅ ነው የተጠመጠመው። መዘውሩ የሚዞርበትን የሚያሳየው ቀስት ወደ ግራ ያመለክታል፤ ሻርፑ ወደ ቀኝ ዞሯል። መሐንዲሱ ማሽኑ ይሠራል የሚያሰኝ ማስረጃ አያዘጋጅም፤ እሱን የሚጠቅመው የሞተ ማሽን ነው። እትዬ ሠላሳ ዓመት ፊቱ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቢታሰር እንኳ አይሳሳቱም። የቀረው ስለ ማሽኑ ዘጠኝ ጊዜ የጻፈ፣ ሲዞር ግን አንድም ቀን ያላየ ሰው ነው።»

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማሽኑ እንደማይሠራ ለመዝጋቢው እውነቱን እነግራለሁ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም አለኝ። ገፋሁት፤ ብረቱ ላይ ወደቀ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሰሪኝ፣ ልጄ። ግን ወደሚዞር ማሽን ገፋሁት ብለሽ ጻፊ።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቅጣቱን ያከብድብዎታል።»

«ይክበድ!»

እትዬ ክንዷን ያዙ። «ጻፊለት፣ የኔ ልጅ። የቤቴ ግድግዳ እኮ ከዚህ ግድግዳ ጋር አንድ ነው።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከወረቀቱ በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በሩ ተከፈተና መዝጋቢው ቦርሳውን አንግቦ ገባ። «እኩለ ቀን ሆነ አይደል?» ወደ ማሽኑ ቀረበ። «ማስነሻው ይኼ ነው?» ብሎ ተጫነው።

ቀይ አምፖል በራ። መዘውሩ ንቅንቅ አላለም። ከጭቃው ቤት አንድ ተርብ ወጣ፤ መዘውሩን ሁለቴ ወደ ግራ ዞረና በመስኮቱ ሄደ።