የግድግዳው ቶርኖ

ኢንስፔክተር ሲቲ ከቆቦ ተጠርታ ስትደርስ የሙያ ኮሌጁ አሰልጣኝ ናትናኤል ወርክሾፑ ውስጥ አዲሱ ቶርኖ ላይ እንደተደፋ ነበር። የጃኬቱ እጅጌ በማሽኑ መዞሪያ ተጠምጥሞ ደረቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። ብረት የሚቀርጽ ማሽን እጅጌ ቢይዝ አዲስ ነገር አይደለም። ነገሩን ከአደጋ ወደ ግድያ የወሰደው በሩ ነው፤ ወርክሾፑ የተገኘው ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ከውጭ አይቆልፍም።

ዋናው ቁልፍ ናትናኤል ኪስ ውስጥ ተገኝቷል፤ የመጠባበቂያው የሚቀመጠው ደግሞ በጥበቃው በጋሽ ከማሉዲን ዘንድ ነበር። ስለዚህ የሮቢት ፖሊሶች ሲቲን ሳይጠብቁ ሽማግሌውን በካቴና አስረው በረንዳው ላይ አስቀምጠዋቸዋል። እሳቸውም አላስቸገሩም። «እኔ ነኝ የገደልሁት» ብለው አንድ ጊዜ ተናገሩ፣ ከዚያ በኋላ አፋቸውን ዘጉ። እውነቱ ካልተገኘ በነፍስ ግድያ መከሰሳቸው የማይቀር ነው።

ቀበሮ ሜዳ የሙያ ኮሌጅ ከሮቢት ወጣ ብሎ በማሽላ ማሳ መካከል ያለ ግቢ ነው። ሲጀመር የቆርቆሮ ክፍሎች ነበሩት፤ ዛሬ ፎቅ አለው፣ መግቢያው ላይ ቅስት አለው፣ በየዓመቱ የሚቀበላቸው ሰልጣኞችም በዝተዋል። ያልጨመረው ማሽን ብቻ ነው። የነበሩት በጦርነቱ ተነቅለው ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የብረታ ብረት ዘርፍ ኃላፊው አላምረው የድሮውን ቶርኖ ከነመዘውሩ፣ ከነቀይ ማቆሚያው የወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በቀለም ሳለው። ሰልጣኞችም ሥዕሉ ፊት ቆመው እጃቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ ሙያ ተማሩ፤ ተመረቁም። ይህን የሰማ ይስቅ ይሆናል፤ እዚያ የቆሙት ግን አይስቁም ነበር።

አዲሱ ቶርኖ በቅርቡ ሲመጣ ከገጣሚዎቹ ጎን ቆመው አጠቃቀሙን የተማሩት አላምረውና ናትናኤል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን እስኪቆርጥ ድረስ ማንም እንዳይነካው ታዘዘ። እጅጌያቸው ጠባብ የሆኑት የሥራ ልብሶችም ለዚያው ቀን ተብሎ ተቆልፎባቸዋል።

ናትናኤል በሞተበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አላምረው ቢሮው፣ ጋሽ ከማሉዲን በር ላይ፣ ልጃቸው ራቢዓ ደግሞ በጥበቃ ቤቱ። ራቢዓ በዚሁ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ሰልጣኝ ናት። ልብስ እያጠብሁ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አለች። ስትናገር ቀኝ እጇን ከሻርፗ ሥር አላወጣችም፤ ሲቲም ልብ አለች።

አላምረው ከናትናኤል ጋር መጣላቱን አልደበቀም። ናትናኤል የግድግዳውን ሥዕል አጥፋው እያለ ሰው ፊት ይጮኽበት ነበር።

«ለምን ይጠፋ አለ?» ስትል ሲቲ ጠየቀችው።

«በሥዕል ለሰለጠነ ብቁ ነው ብዬ አልፈርምም አለ። ራቢዓ ጎበዟ ልጃችን ናት፤ የእሷንም ወረቀት ሳይፈርም ያዘው። ያለ ፊርማ ደግሞ ፈተና አትቀመጥም። አባትየው ቂም ቢይዙ ይገርማል?»

ሲቲ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። የማስነሻው ዘንግ ገና ሥራ ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም አላጠፋውም። በሩ አጠገብ ያለው ዋናው የመብራት ማጥፊያ፣ ብሬከሩም አልወረደም። ከማሽኑ ግርጌ ያለውን የእግር ፍሬን የራያ አቧራ አልብሶታል፤ ጫማ ያረፈበት አይመስልም። ከላይ በስተቀኝ በኩል ግን፣ ምንም ነገር በሌለበት ባዶ ብረት ላይ፣ ግሪስ የነካቸው ጣቶች እየደጋገሙ ሄደውበታል። ሲቲ እዚያ ቆማ ብዙ አሰበች። ከዚያ መብራት መቼ እንደጠፋ ጠየቀች። ቅዳሜ ከሰዓት ከሮቢት እስከ ቆቦ እንደጠፋና ገና እንዳልተመለሰ ነገሯት።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ የማሽኑን ገመድ አስነቅላ ሦስቱንም ወርክሾፕ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የጋሽ ከማሉዲን ካቴና ተፈታ።

«ማሽኑ እየዞረ ነው እንበል። ሰው ይዟል። በየተራ አቁሙት።»

ጋሽ ከማሉዲን ማሽኑን ዞር ብለውም አላዩት፤ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄደው ብሬከሩን አወረዱ። አላምረው ፍሬኑን በእግሩ ረገጠ። ራቢዓ ማሽኑ ፊት ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። ሲቲ ከኋላዋ ሆና ድንገት «እጅጌውን ያዘው!» ብላ ጮኸች። የልጅቱ እጅ ከሻርፑ ወጥቶ ከላይ በስተቀኝ ባዶው ብረት ላይ አረፈ። ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል።

ሲቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ጋሽ ከማሉዲን፣ ማሽኑ ሲዞር እርስዎ እዚህ ቢሆኑ ብሬከሩ ወርዶ እናገኘው ነበር። መምህር አላምረው ቢሆኑ የፍሬኑ አቧራ ይነካ ነበር። ናትናኤልም ፍሬኑን ያውቅ ነበር። እዚህ ባዶ ብረት ላይ ማቆሚያ የሚፈልገው ከግድግዳው ብቻ የተማረ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቀዩ ማቆሚያ ከላይ በስተቀኝ ተስሏል።

«ዘንጉ ሥራ ላይ ስለሆነ ማሽኑን ያቆመው የመብራቱ መጥፋት ነው። እጇ እስከዚያ ድረስ ሲፈልግ ነበር። የገደለ ሰው ማቆሚያ አይፈልግም።»

ራቢዓ እጇን ከብረቱ ሳታነሳ ተናገረች። «ሪባኑን ሳይጠብቅ ሊያስተምረኝ ነው የጠራኝ። በእውነት ነክተሽው ካየሁ በእውነት እፈርማለሁ አለኝ። ብረቱን ሊያስተካክልልኝ ጎንበስ ሲል እጅጌውን ያዘው። ማቆሚያው በእግር ነው ብሎኝ ነበር። ሰምቻለሁ። እጄ ግን አልሰማም።»

«ስደርስ ሞቷል» አሉ አባቷ። «ወላሂ፣ ልጄን ገዳይ እንዳይሏት ብዬ ነው አውጥቻት የቆለፍሁት።»

ሲቲ ወደ አላምረው ዞረች። «አዲሱ የተለየ መሆኑን ያውቃሉ። ግድግዳውን ለምን አላረሙትም?»

አላምረው ጫማውን እያየ መለሰ። «ሥዕሉ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተሸልሟል። ገምጋሚዎች ደግሞ ሊያዩት ይመጣሉ።»

ለተቆለፈ በር ሕግ አንቀጽ አለው። ማሽኑን ላስነሳ እጅም አንቀጽ አያጣም። ለግድግዳ ግን የለውም። ሲቲ ይህን ስለምታውቅ ተናደደች፤ ንዴቷም ለማንም አልጠቀመም። አባትና ልጅ በአንድ መኪና ተጫኑ።

«ፈተናዋስ?» አሉ ጋሽ ከማሉዲን ሲሳፈሩ። ሲቲ መልሱን እያወቀች የመኪናውን በር ዘጋች።

ሰኞ ማሽኑን ልታሽግ ተመለሰች። ፍርድ ቤቱ ኤግዚቢት ነው፣ እስኪወሰን አይነካ ብሏል፤ መቼ እንደሚወሰን ግን የሚያውቅ የለም። የመጨረሻውን ወረቀት ስትለጥፍ ከኋላዋ የአላምረውን ድምፅ ሰማች። ሰልጣኞቹ ግድግዳው ፊት ተሰልፈዋል።

«አደጋ ሲመጣ?»

ሁሉም ቀኝ እጃቸውን በአንድነት ወደ ላይ ሰነዘሩ።

«መምህር» አለች ሲቲ፣ «የአዲሱ በእግር ነው ይበሏቸው እንጂ።»

«አዲሱ እኮ ታሸገ» አለ አላምረው።

ሰልጣኞቹ አውርዱ እስኪባሉ እጃቸውን እንዳነሱ ቆመው ነበር።