የሺቤኒኩ ተከላካይ

ማሪያን ሽካርፓ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ያለው እትዬ ሸዋረጋ ሱቅ የገባው ሊገዛ አልነበረም። የት እንዳለ ጠፍቶበት ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2017፣ ሚያዝያ ውስጥ ነበር። የሱቁ ሠራተኛ ሲቲና ሂሳብ መቀበያው ጋ ቆማ ነበር። በሩን ጎንበስ ብሎ የገባ ረጅም ነጭ ሰው በርበሬና ሽሮ በተደረደረበት መደርደሪያ መካከል ቆሞ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ወደ እሷ መጥቶ ይህ መንገድ ምን እንደሚባል ጠየቃት።

ፌርፋክስ ነው አለችው። ወዴት ሊሄድ እንደነበር ስትጠይቀው በበሩ ወደ መንገዱ ደጋግሞ አየ። ከቅንድቡ እስከ ፀጉሩ ሥር የሚደርስ የስፌት ጠባሳ ነበረው። እንዲህ ያለ ትከሻ ያለው ሰው እንዲህ ባለ ፍርሃት ሲያያት ግራ ገባት።

«ወደ ዌስትውድ ነበር መሰለኝ» አላት በመጨረሻ።

መንገዱን ወረቀት ላይ ሥላ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ሊያመሰግናት መጣ። በሳምንቱ ደግሞ ያለ ምክንያት መጣ። እትዬ ሸዋረጋ ስሙን መጥራት አቅቷቸው «ማርያም መጣልሽ» ይሏት ጀመር። ሲቲና ትስቅና ሻሿን ታስተካክላለች።

ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ በምሳ እረፍቷ፣ ሕይወቱን ቀስ በቀስ ነገራት። የተወለደው ክሮኤሺያ ውስጥ ሺቤኒክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው ጦርነት መጣ፤ አባቱ ሄዶ አልተመለሰም። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለከተማው ቡድን ተሰለፈ። በሃያ ዓመቱ የስፕሊት ቡድን ወሰደው፤ ከዚያ ጀርመን ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ከዚያ ቱርክ። እግሩ ፈጣን አልነበረም። ስሙ የወጣው በቴስታ ነው። ሌላው ተከላካይ እግሩን ለመዘርጋት በሚፈራበት ቦታ እሱ ግንባሩን ይሰጥ ነበር። ለወጣቱ ብሔራዊ ቡድን አሥራ አራት ጊዜ፣ ለዋናው ስድስት ጊዜ ተጫውቷል። ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሊሄድ ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሠላሳ ሲሞላው አውሮፓ ውስጥ የሚፈልገው ቡድን ጠፋና ለሎስ አንጀለስ ቡድን ሊጫወት መጣ።

«ስድስት ጨዋታ» አላት ጣቶቹን እያየ። «እናቴ ስድስቱንም ማሊያ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች። ለሰባተኛው ቦታ ትታለች።»

ሲቲና ያን ቀን ወደ ሥራዋ ዘግይታ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ስላለው ነገር ሲያወራ የሰማች ልጅ ናት፤ ስለጎደለው ነገር እንዲህ በቀስታ የሚያወራ ወንድ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ለመጋባት ሲያስቡ ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሼ ያሕያ ዌስትቼስተር ለሚገኝ ሆቴል ከኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲቲናን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሶላት የማያሳልፉ የወሎ ሰው። በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ክንፍ ሆነው ተጫውተዋል። ማሪያን ቤታቸው ሲመጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ኳስ አጫወቱት፤ ሲሄድም እስከ በሩ ሸኙት። በሩን ዘግተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰውየው ደህና ነው። ኳሱም ደህና ነው። ባል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ልጄ።»

ሃይማኖቱን ማለታቸው ነበር። ማሪያን ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ጁምዓ ጁምዓ ከጋሼ ያሕያ ጋር መስጂድ እየሄደ ከኋላ ይቀመጥ ጀመር። ሰላሙን እንደሚወደው፣ የማያምንበትን ነገር ግን በአፉ ብቻ እንደማይል ነገራቸው። ያ ንግግሩ ከምንም በላይ ልባቸውን አለሰለሰው። ክረምቱ ሲያልቅ፣ ልቡ ለመስለም ከቆረጠ፣ በመጪው ዓመት ከሚደረገው የዓለም ዋንጫ በኋላ ኒካሁን እንደማይከለክሉ ነገሩት።

በ2018 መጋቢት ስልክ ተደወለ። ከብሔራዊ ቡድኑ ነበር። አንድ ተከላካይ ተጎድቷል፤ ማሪያን እስከ ግንቦት መጨረሻ በጤና ከተጫወተ ለዓለም ዋንጫው ወደ ራሺያ ከሚሄዱት ሊሆን ይችላል። ሱቁ ድረስ መጣና ሰው ሁሉ እያየ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ያዘ።

በሚያዝያ አንድ ጨዋታ ላይ የኮርና ኳስ ለማውጣት ሲዘል ከተጋጣሚው ጭንቅላት ጋር ተጋጨ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጨረሰ። የቡድኑ ሐኪም የማስታወስ ፈተና ሰጠችው፤ አለፈ። ያለፈበትን ምክንያት ለሲቲና እየሳቀ ነገራት። የውድድር ዓመቱ ሲጀመር፣ ጤነኛ እያለ፣ ያንኑ ፈተና ሆን ብሎ እያዘገመ መልሶ ነበር። ስለዚህ ሲጎዳ የሚያመጣው ውጤት ከጤነኛው ብዙም አይለይም። አንጋፋ ተጫዋቾች የሚያውቁት ዘዴ ነው አላት።

እሷ አልሳቀችም። ሱቁ የገባበት የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላት።

ከዚያ በኋላ የምታየው ሁሉ አስፈራት። በቀትር መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። የበላውን ያስመልሳል። አንድ ቀን ፔትራ ብሎ ጠራት፤ የእህቱ ስም ነው። በግንቦት አንድ እሑድ ሎንግ ቢች ሠርግ ተጠርተው አባቷ ድራይቭ እያደረጉ ሦስቱም ሲሄዱ፣ ማሪያን ወዴት እየሄድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ያሕያ ነገሩት። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠየቀ፤ ነገሩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ በመስተዋቱ ልጃቸውን አዩዋት።

«ይህ ልጅ ታሟል» አሉ በአማርኛ፣ እንዳይሰማ።

በማግስቱ ቤቱ ሄደች። ለቡድኑ ሐኪም እንዲናገር ለመነችው። እሱም ለመናት።

«የምድቡ ጨዋታ እስኪያልቅ አምስት ሳምንት ዝም በይልኝ» አላት። «ከዚያ በኋላ ጫማውን እሰቅላለሁ። ዕድሜዬ ሁሉ የአንቺ ነው።»

«የሚተርፍ ዕድሜ ካለ ነዋ።»

«ሪስኩ የእኔ ነው፣ ሲቲና።»

«ቀብሩስ የማነው?» አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቤቷ ስትመለስ አባቷን ምን ላድርግ አለቻቸው። ጋሼ ያሕያ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ዝም ካልሽ ይሞትብሻል። ከተናገርሽ ይጠላሻል። ሁለቱንም አልወድልሽም። ግን ሰው የሚጠላሽ በሕይወት ሲኖር ነው።»

ረቡዕ ጠዋት አውቶቡስ ይዛ ልምምድ ሜዳው ሄደች። የቡድኑ ሐኪም ሳታቋርጥ አዳመጠቻት። ሲቲና ሁሉንም ተናገረች፤ ማስመለሱን፣ መርሳቱን፣ የፈተናውን ዘዴ። ስትወጣ ተጫዋቾቹ ሜዳውን እየዞሩ ይሮጡ ነበር። ማሪያን ከሩቅ አያት። ልታየው የመጣች መስሎት ፊቱ በደስታ በራ፤ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘችለት። ከዚያ በር ላይ ያለውን አጥር ይዛ አለቀሰች።

ምርመራው በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ደም አሳየ። አንድ ቴስታ ሊገድለው ይችል ነበር። ቡድኑ አገደው፤ የብሔራዊ ቡድኑም ስም ዝርዝር ያለ እሱ ወጣ።

አርብ ዕለት ሱቁ መጣ። እትዬ ሸዋረጋ ፊቱን ሲያዩ ወደ ጓዳ ገቡ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ቢጮኽባት ይቀላት ነበር።

«አምስት ሳምንት ብቻ ነበር የለመንኩሽ» አላትና ወጣ።

በሳምንቱ አገሩ ገባ። ስፕሊት ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ከጋዜጣ አነበበች። ለላከችው መልእክት ሁሉ መልስ አልመጣም።

በሐምሌ ክሮኤሺያ ለዋንጫ ቀረበች። የፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ገና በጠዋቱ ተከፍተው ሰው ሞላባቸው፤ ማሪያንን የሚያውቁት ሁሉ ለክሮኤሺያ ይጮኹ ነበር። ሲቲና ሱቁ ውስጥ ዕቃ ትደረድር ነበር። ጩኸቱ እየሳሳ ሄደና ቆመ። አባቷ ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው መጡ።

«ተሸነፉ» አሏት።

«ሰማሁ» አለች። የሰማችው ዝምታውን ነው።

ዓመት አለፈ። አንድ ሁለት ሰው ሊያጫት ሽማግሌ ላከ፤ ጋሼ ያሕያ ራሳቸው መለሷቸው። በ2019 ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። የማሪያን እህት ፔትራ ነበረች።

ቀዶ ሕክምናው ሕይወቱን አተረፈ፣ አለቻት፤ ግን አእምሮው እንደ ድሮው አልሆነም። ትናንትን ይረሳል። ሎስ አንጀለስን ያስታውሳል፣ ሱቁን፣ ሲቲናን። ያን የመጨረሻውን ሚያዝያና ግንቦት ግን ጨርሶ አያውቀውም። «ለምን እንደማትመጪ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

ጋሼ ያሕያ ቲኬቱን ራሳቸው ገዙላት። ስንት ቀን ትቆያለሽ አላሏትም።

ፔትራ ኤርፖርት ተቀበለቻት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ለመነቻት። «የሆነውን አትንገሪው። ሰላም አግኝቷል። ያንን ሁለተኛ አትውሰጂበት።»

ማሪያን ሺቤኒክ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ሲያያት ተነሣ፤ ፊቱ ያን የልምምድ ሜዳ ዕለት እንደበራው በራ። እጇን በሁለት እጁ ያዘና ብዙ ቆየ። ስለ አባቷ ጠየቃት፣ ስለ እትዬ ሸዋረጋ ጠየቃት። ደግሞ ስለ አባቷ ጠየቃት። እንደገና መለሰችለት።

«ምን ሆነን ነው የተለያየነው?» አላት ከዚያ። «ፔትራ አትነግረኝም። እኔ በደልኩሽ?»

እሱ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲፈልግ ማየት አልቻለችም። ነገረችው። ምንም አላስቀረችም፤ ልመናውን፣ አውቶቡሱን፣ እጁን ማወዛወዙን።

ተነሣና የድንጋዩ ግንብ እስከሚያልቅበት ሄደ። ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። መሄድ ይሁን መቅረት ሳታውቅ ተቀምጣ ጠበቀች። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ያኔ ለምን ያህል ጊዜ ዝም አልኩሽ?»

«አሥራ አራት ወር።»

አጠገቧ ተቀመጠ።

«አሁን ያን ያህል ጊዜ ያለኝ አይመስለኝም» አለና ራሱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፔትራም አብራቸው እዚያው ድንጋይ ላይ ሆነው፣ ማሪያን ባሕሩን ሲያይ ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ሆነን ነው የተለያየነው?» አላት።

ሲቲና ፔትራን ቀና ብላ አየቻት፤ ፔትራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መዋሸት ቀላል ነበር። ሲቲና ግን ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ነገረችው።

እንደገና ተነሥቶ ሄደ። ያን ቀን እስከ ቀትር አልተመለሰም። ፀሐዩ ከረረ፤ ፔትራ ቤት እንግባ አለቻት። ሲቲና ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀችው።