ሦስተኛው መስመር

ማኖንግ ዩሴቢዮ፣ በሰፈሩ አጠራር ጋሼ ዩሴቢዮ፣ ሞተው የተገኙት ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ፣ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ነው። የሚያያቸው ሰው ያንቀላፉ ይመስለው ነበር።

ጡረታ የወጡ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የገዛ ድምፃቸውን ሳይሰሙ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። በሰባ አንድ ዓመታቸው የሰፈሩ አዳራሽ ገብተው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ሲማሩ፣ የኢሎይሎ ከተማ ወንዝ ዳር ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። ይሳቅ! ከሳቂዎቹ ማን መጥቶ በራቸውን አንኳኳ?

ሐኪሙ ሰውየው የልብ መድኃኒት ከመጠን በላይ በዝንጅብል ሻይ ጠጥተዋል አለ። አስር አለቃ ሩፎ ለካቴናው ቸኮለ።

«የወንድማቸው ልጅ ናታ! ከማሪቪክ በቀር ቤቱ ውስጥ ማን ነበር?»

ማሪቪክ አጎቷን ቅዳሜ በመርከብ ወደምትኖርበት ባኮሎድ ወስዳ ከልጆቿ ጋር ልታኖራቸው ነበር የመጣችው። አሁን ግን ካቴናው እጇ ላይ ገብቷል። ልጆቿ በስልክ «አያታችንን ይዘሽልን የምትመጪው መቼ ነው?» ይሏታል።

ኢንስፔክተር ሊጋያ ዱማንካስ አልቸኮለችም። እሷም ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ የብቸኛን ሰው ቤት ማንበብ ታውቃለች። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ትራስ። ኮምፒውተሩ ፊት ግን ሁለት ወንበር።

«ሻዩን ማን አፈላው?» አለቻት ማሪቪክን።

«እኔንማ ሻይ አያስነኩኝም! ማኖንግ ኔስቶር በፔርሙስ ከሚያመጡት ሌላ አይጠጡም። ትናንት ከሰዓት እኔ ዓሣ ገበያ ነበርኩ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«በዚያ ግርግር ማን ማንን ያያል፣ ኢንስፔክተር?»

ጎረቤታቸው ኔስቶር አርባ ዓመት የፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና የመቱ፣ እሳቸውም ሚስት የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ትናንት ጠዋት አብረን ተምረን ወጣን። ወገቤን አሞኝ ቀጥታ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ» አሉ። «ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

ሊጋያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። ሦስት መስመር ተጽፏል፤ ከሥሩ ማሽኑ በቀይ «አልሠራም» ብሏል። የማሽኑን ጠቋሚ በመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ አንቀሳቀሰች። ሁለተኛው ላይ ክፍተቱን በአንዴ ዘለለ። ሦስተኛው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ተንፏቀቀ። ደግማ ሞከረችው። ያው ነው። ይሄኔ የኮምፒውተር መምህርቷን አስጠራች፤ ማሪቪክንና ኔስቶርንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቲቸር ጆቭሊን፣ ይሄ ማሽን ምን ሆኖ ነው ያኮረፈው?»

«የጀማሪ ስህተት ነው» አለች መምህርቷ። «ከትእዛዙ ሥር ያሉት መስመሮች ወደ ውስጥ ገባ ብለው መጀመር አለባቸው። ታብ የሚባለውን ቁልፍ አንዴ ብትነኪ ይዘላል፤ የክፍተቱን ቁልፍ አራቴ ብትመቺም ይሆናል። ለዓይን አንድ ናቸው። ከቀላቀልሻቸው ግን እምቢ ይላል።»

«ማኖንግ ዩሴቢዮ የቱን ነበር የሚነኩት?»

«ሁሉም ተማሪ እንዳስተማርኩት ታቡን ነው። አራቴ የሚመቱት...» አለችና ቀና ብላ ኔስቶርን አየቻቸው። የቀረውን ዋጠችው።

«የጽሕፈት መኪና ልማድ ነው፣ አይደል ማኖንግ ኔስቶር?» አለች ሊጋያ ለስለስ ብላ።

«እና? ሁልጊዜ አብረን ነው የምንጽፈው። የድሮ ይሆናላ!»

«ቲቸር፣ ይሄን የቤት ሥራ መቼ ሰጠሻቸው?»

«ትናንት ጠዋት። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ መስመር እየተቀባበሉ እንዲጽፉ።»

«ማሽኑ ደግሞ የተጻፈበትን ሰዓት መዝግቧል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ። አንቺ ያኔ አሥራ ስምንት ተማሪ ፊት ነበርሽ። ማሪቪክ ይሄን ነገር ነክታው አታውቅም። ማኖንግ፣ ተኝቼ ነበር ያሉበት ሰዓት ይቺ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሦስተኛውን መስመር ጽፈዋል። ሻዩም የእርስዎ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርስዎ ግን አንድ ቀንም አላደረ።»

ሽማግሌው ሁለተኛው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ልገድለው አይደለም! እንዲያመው ብቻ ነው፤ ቅዳሜ መርከቡ እንዲያመልጠው። ከምውጠው የልብ መድኃኒት ጨመርኩበት። እሱ ከሄደ እኔን ማን በስሜ ይጠራኛል? በዚህ ሰፈር ማን አለኝ?»

ጥያቄው የሊጋያም ነበር። ሩፎ ካቴናውን ከማሪቪክ እጅ ሲያወልቅ ሴትዮዋ ተነስታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ሦስት ቲኬት ነው የቆረጥነው፣ ማኖንግ። አንዱ የእርስዎ ነበር። አልጋዎን ባሌ አዘጋጅቶ ጨርሷል። አጎቴ ትናንት ጠዋት 'አንቺ እንዳትነግሪው፤ ዛሬ ከሰዓት ራሴ ነው የምነግረው' ብለውኝ ነበር።»

ኔስቶር ዞር ብለው ሦስተኛውን መስመር አዩ።

«ሻዩን ከጠጣ በኋላ ነው» አሉ፣ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ። «'ይቺን መስመር ጨርስና የምነግርህ ነገር አለኝ' አለኝ።»