ማንጎው ላይ የተሰቀለው ስታቢላይዘር

ጋምቤላ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው ሁሉ ጥግ ላይ የብረት ክምር አያጣም። የእኔ ክምር ውስጥ ባለፈው ክረምት ሰባት ስታቢላይዘር ነበር። ሰባቱንም ከደህና መኪና ስር የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቶቹ ጠየቁኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ስሜ ኦቻንግ ነው፣ መካኒክ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ሰው መውቀሴ አይቀርም፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ስታቢላይዘር ሁለት ጫፉ የታጠፈ ረጅም ብረት ነው። ከመኪናው ስር ሆኖ የግራና የቀኙን እግር ያገናኛል። መኪናው ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ብረቱ ይጠመዘዝና ማጋደሉን ይቀንሰዋል። በታንኳ ባሮን የተሻገረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ አንዱ ወደ ውሃው ዘንበል ሲል ሌላው ፈጥኖ ወደ ማዶው ጎን ይቀመጣል። ስታቢላይዘር ያ ሁለተኛው ሰው ነው።

ጋትሉዋክ ሃርድቶፕ መኪና አለው። ከጋምቤላ ኢታንግ፣ ኩሌ፣ ሲመቸውም እስከ ማታር ሰው ይጭናል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጋራዥ መጣና፣

"ኦቻንግ ወንድሜ፣ ይሄን ብረት አውጣልኝ" አለኝ።

"ምን አደረገህ?"

"ይጮሃል። ኳ ኳ ኳ፣ ቀኑን ሙሉ። ደግሞ ማታር ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ይነሳል፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሾፌሩ ኩዌት የሱን አውጥቷል። አሁን መኪናዬ እንደ አልጋ ነው ይላል።"

"የሚጮኸው ብረቱ አይደለም። የያዘው ጎሚኒ፣ ትንሿ ጎማ፣ አልቋል። አዲስ ጎሚኒ ከአዲስ አበባ እናስመጣ።"

"ስንት ቀን?"

"አንድ ሳምንት።"

"አንድ ሳምንት ቁጭ ልበል? አውጣው ባክህ። ክረምቱ ሲያልቅ ትመልሰዋለህ።"

ስለ ጭቃው የተናገረው ውሸት አይደለም። ቀስ ተብሎ በሚኬድበት ጎድጓዳ መንገድ ላይ ስታቢላይዘር የሌለው መኪና እግሩን እንደልቡ ይዘረጋል። ችግሩ ጋትሉዋክ የሚነዳው ጭቃ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የኢታንግ አስፋልትም አለ፣ አስፋልት ላይ ደግሞ ፍጥነት አለ፣ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ሁልጊዜ ጭነት አለ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም በሃያ ደቂቃ ፈታሁለት። "ክረምቱ ሲያልቅ ትመልሰዋለህ" ካሉኝ ሰዎች መካከል ተመልሶ የመጣ አንድም ሰው አላየሁም፤ እኔም ሄጄ የጠራሁት የለም።

ነሐሴ ላይ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ስቴፈን ደወል የሚሆን ብረት ፈልገው መጡ። ስታቢላይዘር የሚሠራበት ብረት ሲመቱት ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ከክምሩ ውስጥ ረጅሙንና ወፍራሙን መረጥኩ፤ የጋትሉዋክ ነበር። ጋትሉዋክን ብጠይቀው "ለጌታ ይሁን" አለ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ ሰቀልነው። ተጨበጨበልን፣ ተጸለየልን። እኔም ተደሰትኩ፤ ዛሬ ሳስበው የማፍረውን ያህል።

በየእሁዱ ጠዋት ያንን ብረት በመዶሻ የምትመታው ኛሙዎን ናት። ኛሙዎን የጋትሉዋክ እህት፣ የመዘምራኑም መሪ ናት። ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና አላት። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች መኪና፣ ማለትም በቀኝ እጇ ነው።

ኅዳር ላይ መዘምራኑ ኩሌ ለጉባኤ ሄዱ። ሲመለሱ ጋትሉዋክ አሥራ አንድ ሰው ጫነ። ፖርቶ መጋላው ላይ ጄኔሬተር፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከርና አግዳሚ ወንበሮች ታሰሩ። ከኢታንግ እንዳለፉ አንድ ኩርባ ላይ ላም ገባችበት። መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ መለሰ። ከላይ ያለው ጭነት መኪናውን ይዞት ሄደ። መኪናው አጋደለና በዚያው በጎኑ ተኛ።

መኪናውን እንዳነሳ ስልክ የተደወለው ለእኔ ነበር። ስደርስ ኛሙዎንን ወደ ሆስፒታል ወስደዋታል፤ ቀኝ ክንዷ ከመስኮቱ ስር ተይዞ ተጨፍልቋል። ሌሎቹ በቆሰለ ጉልበትና በድንጋጤ ተርፈዋል። መኪናው በጎኑ ስለተኛ ሆዱ ለሁሉም ይታይ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ አየው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች አዩት፣ ጋትሉዋክም አየው። ስታቢላይዘሩ ይታሰርበት የነበረው ባዶ ቦታ ግን ለእኔ ብቻ ነበር የሚናገረው።

"ላሟ ናት" አለ ጋትሉዋክ።

ፖሊሱ "ፍጥነት" ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ስለ ባዶው ቦታ አንድም ሳልናገር መኪናው ላይ ገመድ ማሰር ጀመርኩ።

ከአራት ሳምንት በኋላ የመኪናው አካል ተቃንቶ፣ መስታወቱ ተቀይሮ አለቀ። ጋትሉዋክ ሊወስደው መጣ።

"ለገና የሕፃናት መዘምራንን ኢታንግ አደርሳለሁ" አለኝ። "አሥራ አራት ልጅ። የኛሙዎን ልጆችም አሉ።"

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

"ስታቢላይዘር ሳይገባለት አይወጣም።"

"አሁንም እሱ ብረት? ላም ናት አልኩህ!"

"ላሟን እኔም አምናለሁ። ብረቱ ቢኖር አትገለበጥም ነበር ብዬም አልምልም፤ ፍጥነትህ ነበር፣ ጭነትህ ነበር። ግን መኪናህ እንዲያጋድል የፈቀድንለት እኔና አንተ ነን። አንተ አውጣ አልክ፣ እኔ አወጣሁ።"

ወደ ኪሴ አየና "ከየት ይመጣል?" አለ። የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤተክርስቲያን ሄድን። አቶ ስቴፈን ጥያቄያችንን ሲሰሙ ተቆጡ።

"ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር አይመለስም! ሌላ ብረት ፈልጉ። ስንት ወር ያለዚህ ብረት ተነድቶ የለም እንዴ?"

ኛሙዎን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ክንዷ አንገቷ ላይ ታስሯል። ማንም ስላልነገራት ብረቱ ከወንድሟ መኪና የወጣ መሆኑን እንጂ ሥራው ምን እንደነበር አታውቅም። ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስለ ጎሚኒውም፣ ስለ አንድ ሳምንቱም፣ አንድም ሳላስቀር።

ተነስታ ወደ ማንጎው ሄደች። በግራ እጇ ብረቱን ነካችው።

"እኔ ይሄን ስመታ ሰውን ወደ እግዚአብሔር ቤት ና እላለሁ" አለች። "ሲመጣ ግን መንገድ ላይ እንዲወድቅ አደረግን? አቶ ስቴፈን፣ እግዚአብሔር ልጆቼ ከሚሳፈሩበት መኪና ስር የወጣ ብረት አይፈልግም። ይውረድ።"

አቶ ስቴፈን አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ራሳቸው መሰላል አመጡ። ገመዱን የፈታው ጋትሉዋክ ነው፤ ሲፈታ ያለቅስ ነበር፣ እኛም ያላየን መሰልን።

አዲሱ ጎሚኒ በስድስት ቀን ደረሰ። ብረቱን አጥብቄ አሰርኩት። ፖርቶ መጋላው ላይ ምንም እንዳይጫን ተስማማን። የገና ዕለት ከልጆቹ ጋር አብሬ ሄድኩ። ያ ኩርባ ላይ ስንደርስ ጋትሉዋክ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መኪናው ትንሽ ዘንበል ብሎ ተመለሰ። ልጆቹ መዝሙራቸውን አላቋረጡም። ኳ ኳ የሚል ድምፅም አልነበረም።

የኛሙዎን ጣቶች ግን እስካሁን መርፌ አይዙም። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ይላል፤ እሷ በግራ እጇ ጨርቅ መግፋት እየተለማመደች ነው። አንድ ሳምንት መጠበቅ አቅቶን ከእሷ ስንት ወር እንደወሰድን አላውቅም።

ከክምሩ የቀሩትን ስድስት ብረቶች ይዤ በየባለቤቶቹ ቤት እየዞርኩ ነው። አራቱ አስገብተዋል። ኩዌት አሁንም "እንደ አልጋ ነው" ይለኛል፤ እኔም አልተውኩትም።

እናንተም በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ወይም ቤተክርስቲያን ሁለት ጫፉ የታጠፈ ረጅም ብረት ተሰቅሎ ካያችሁ፣ ድምፁ ማማሩን ከማድነቃችሁ በፊት ከየትኛው መኪና ስር እንደወጣ ጠይቁ። ያ መኪና ዛሬም ሰው ጭኖ እየሄደ ነው፤ ከተሳፈሩት አንዱ የእናንተ ሰው ሊሆን ይችላል።